ቤዛ ያላነበበችበት ሐሙስ

ባለፈው ቅዳሜ አሮጌዋን ቫናችንን የሚገዛ ሰው ሊያያት ይመጣል ስለተባለ ባለቤቴ ግርማ የኋላ መቀመጫዎቿን ነቅሎ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ደረደራቸው፤ እኔም ወለሏን ልጠርግ ገባሁ። እዚህ ቴክሳስ፣ የጋርላንድ የነሐሴ ፀሐይ ሲቀቅላት የዋለች መኪና ስለሆነች ተንሸራታቹን በር ስስበው ትኩስ አየር ፊቴን ገረፈኝና አንድ ሽታ አብሮት መጣ፤ ልጆች የሚስሉበት የሰም ከለር፣ ክሬዮን የሚሉት። ከመጨረሻው መቀመጫ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም በየበጋው ቀልጦ፣ በየብርዱ ደርቆ፣ መዳፍ የሚያህል እድፍ ሆኗል። ግርማ አንገቱን አስገብቶ አየና «ይሄማ በስቲመር ይለቃል፣ ተይው እኔ ክሊን አደርገዋለሁ» አለኝ። እኔ ግን ብሩሹን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ያ ቀለም መቼ እዚያ እንደወደቀና ባለቤቱ ለምን ተመልሳ እንዳልፈለገችው የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔና ልጄ ቤዛ።

ቤዛ አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ሁለተኛ ክፍል፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ መክሰሷን እየበላች፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው በረጋ ድምፅ፣ ዛሬ አስተማሪያችን መብራቱን አጥፍታ በሩን ቆልፋ ሁላችንንም ጥግ ላይ መሬት አስቀመጠችን፣ መጥፎ ሰው ቢመጣ እንዳያየን ዝም ማለት ተለማመድን፣ እኔ ከሁሉም ጎበዝ ነበርኩ፣ ትንፋሼ እንኳን አልተሰማም አለችኝ። መሣሪያ ይዞ ትምህርት ቤት የሚገባ ሰው ስለማይጠፋ እዚህ አገር ልጆች ይህን ይለማመዳሉ። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ልጄ እንዳያንቃት አንዷን የወይን ፍሬ ለአራት የምቆርጥ፣ ዝናብ ሲያስገመግም የቤቱን ሶኬት ሁሉ የምነቅል ሴት ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውርጃት ወደ ቤት መመለስ ትቼ መንገድ ማዶ ቆሜ በሩን መጠበቅ ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቤት አስቀርቼ ራሴ ላስተምራት ወሰንኩ።

ችግሩ እኔ ራሴ አራተኛ ክፍልን ጨርሼ አምስተኛን ያጋመስኩ ሰው መሆኔ ነበር። ግርማ ያኔ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ሐሳቤን ስነግረው ጫማውን እያወለቀ «ሶ፣ ዳይሬክተሯም አንቺ፣ አስተማሪዋም አንቺ፤ ዘበኛው እኔ ልሆን ነው?» አለ። ሳቅኩ። ለክፋት እንዳልተናገረው አውቃለሁ፣ ግን «አንቺ እንዴት?» የሚለው ያልተነገረ ጥያቄ ውስጤ ገብቶ ተቀመጠ።

ምክር የጠየቅኩት ሶስናን ነበር። ሶስና የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ናት፤ በልጅነቷ ዳላስ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ሥራዋን ትታ ልጇን ናኦሚን ቤት የምታስተምር፣ ስትናገርም ስትሄድም የምትፈጥን ሴት። «አስኑዬ፣ ቴክሳስ እኮ ነው!» አለችኝ፤ «አስወጥቻታለሁ ብለሽ ለስኩሉ ሌተር ትጽፊያለሽ፣ አለቀ። ማንም መጥቶ ቼክ አያደርግሽም።»

«ማንም?»

«ማንም! ማለቴ፣ ማስተማርማ አለብሽ። ግን ተቆጣጣሪ ምናምን የለም።»

አላመንኳትም። መንግሥት ባለበት አገር ልጅ ቤት ሲቀር አንድ ሰው እንኳን መጥቶ ደብተሩን ሳያይ ይቀራል ብዬ ማሰብ አቃተኝ፤ ሶስና እዚህ ስላደገች ነገሩ ቀሎባት ነው ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ ቤዛን ቤት ባስተማርኩበት ጊዜ ሁሉ፣ አንድ ቀን በሩን ለሚያንኳኳው ኢንስፔክተር ተዘጋጅቼ ኖርኩ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በእነሱ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው፣ የቤት ልብሴን ቀይሬ፣ ሻሽ አስሬ፣ ከመኝታ ቤት ወጥቼ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ስመጣ ቤዛ ከወንበሯ ብድግ ትላለች። በመዝገብ ስም እጠራለሁ፤ «ቤዛ ግርማ!» እላለሁ፤ ከፊቴ አንድ ክንድ ርቃ ቆማ «አቤት!» ትላለች፤ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟት እዚያው መኝታዋ ላይ ተኝታ ሳለ ከአጠገቧ ተቀምጬ ሾርባ እያበረድኩላት መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብዬ ጽፌባታለሁ። ሁለት ሁለት ደብተር ነበራት፤ በአንዱ ትሠራለች፣ ትሰርዛለች፣ ትሳሳታለች፤ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ሥራ ስሕተቱን እያወጣች በሌላው በንጹሕ ትገለብጣለች። ንጹሑ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ መሥሪያውን እጥለዋለሁ። ማንም ባላየው ነገር ላይ የልጄን ስንቱን ከሰዓት በኋላ እንዳስፈጀሁባት ስቆጥር፣ ከመስኮቱ ውጪ የሌሎች ልጆች የብስክሌት ደወል ይሰማኝ እንደነበር አብሮ ትዝ ይለኛል።

ደግነቱ ሐሙስ ነበር። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ስምንት ቤተሰቦች፣ አብዛኞቻችን ሐበሾች፣ ሐሙስ ሐሙስ አዲሰን በምትባል ከተማ የሶስና ባል ከሚሠራበት ቢሮ በተፈቀደልን አዳራሽ እንሰበሰብ ነበር። ያወቀ ላላወቀው ነው። ፋርማሲስቷ እናት ኮምጣጤና ሶዳ ቀላቅላ አረፋ ታስነሣለች፤ ታክሲ የሚነዳው አባት የከተማውን ካርታ ዘርግቶ አቅጣጫ ያስተምራል፤ አንዱ ልጅ የጨረሰው መጽሐፍ በካርቶን ሆኖ ለታናሹ ይተላለፋል። አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረን፣ እንደ ማኅበር ጽዋ በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት የሚዞር። እኛ ቤት በከረመበት ሳምንት ቤዛ የሽንኩርት ልጣጭ አየች፣ የአባቷን ፀጉር አየች፣ ከዚያ ሽሮ ዱቄት አምጪ አለችኝ፤ በዚያ መስታወት ያየሁትን ለማንም አልነገርኩም፣ ሽሮውን ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ነው የምነፋው።

እኔ መጀመሪያ ሰሞን የማስተምረው የለኝም ብዬ ወንበር መደርደርና ጠረጴዛ መወልወል ያዝኩ። ሶስና ግን የምታይ ሴት ናት። ለልብስ ንጽሕና ቤቶች ሱሪ የማሳጥር፣ ቀሚስ የማጠብብ መሆኔን ስታውቅ «አንቺ ልጅ፣ ሙሉ ቀን ስትለኪ፣ ስታካፍዪ ትውያለሽ፤ ይሄ ሒሳብ ካልሆነ ምንድነው?» ብላ ሜትሬን ይዤ እንድመጣ አስገደደችኝ። ልጆቹ አንዱ የአንዱን ክንድ፣ ትከሻ፣ የራስ ዙሪያ ለኩ፤ ግማሽና ሩብ በጣታቸው ነኩ። ቤዛ ያን ቀን ከጎኔ ቆማ መርፌ መያዣውን ስታቀብለኝ ፊቷ ላይ የነበረውን ኩራት ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ለአንድ ሰዓት ያህል አራተኛ ክፍል መሆኔን ረስቼው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነው ነገሩ የታወቀው። ቤት ውስጥ ስታነብልኝ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ እሰማት ነበር፤ ሳትደናቀፍ ገጽ ትገልጣለች፣ ድምፅ ትቀይራለች፣ ውሻውን ታስጮኸዋለች። ከመጽሐፉ ሳይሆን ከሥዕሉና ከትውስታዋ ነበር የምታነበው፤ ከላይብረሪው የድምፅ ቅጂ አንድ ጊዜ የሰማችውን በቃሏ ትይዘዋለች። ሌላ እናት በሳምንቱ ትነቃባት ነበር። የእኔ እንግሊዝኛ ግን የልጄን ውሸት ለመያዝ የሚበቃ አልነበረም። የነቃችው ሶስና ናት፤ ልጆቹ ተራ በተራ ሲያነቡ ቤዛ ተራዋ ሊደርስ ሲል ሁልጊዜ ሽንት ቤት እንደምትሄድ አየች።

አንድ ቀን ወንበር ስናጣጥፍ ለብቻዬ አደረገችኝ። «አስኑዬ፣ አትጨነቂ እሺ? ቤዚ ንባብ ላይ ትንሽ ሄልፕ ያስፈልጋታል መሰለኝ። ስማርት ልጅ ናት፣ ሌላ ነገር አይደለም። የሚመጣው ሐሙስ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ትመጣለች፣ ልጆቹ ሲያነቡ ትሰማለች፣ ኦኬ?» እሺ አልኩ። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ሊመጣ ነው፣ ልጆቹ ሲያነቡ ሊሰማ ነው።

እኔ የተማርኩት ከወልዲያ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ወለሉ አፈር በሆነ፣ አቧራው እንዳይነሣ ጠዋት ጠዋት ውሃ በምንረጭበት ክፍል ውስጥ ነው። ከአውራጃ ኢንስፔክተር ይመጣል የተባለ እንደሆነ ትምህርት ቤቱ ሠርግ የደረሰበት ቤት ይመስል ነበር፤ ግድግዳው በነጭ አፈር ይለቀለቃል፣ የጎበዞቹ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፣ መምህራችን አንዱን ትምህርት ሁለት ሳምንት ሙሉ ይደጋግምልናል። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የተደጋገመው ስለ አራቱ የልብ ክፍሎች ነበር። የቀጠሮው ቀን ጠዋት ግን መምህራችን በአርጩሜው አምስታችንን ለየና «እናንተ ጀሪካን ይዛችሁ ውሃ ውረዱ፤ መኪናው ሳይሄድ እንዳትመለሱ» አለን። ማንበብ አቅቶኝ አልነበረም፤ ስጠራ ምላሴ ይያዝ ነበር። ወንዝ ዳር ተቀምጠን የኢንስፔክተሩ መኪና አቧራ አስነሥቶ ሲመጣ አየን፣ አቧራ አስነሥቶ ሲሄድም አየን። ስንመለስ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ሰውዬው አንዱን ልጅ «ስንት ናችሁ?» ብሎ ቢጠይቀው ልጁ ተንደርድሮ «አራት ነን፤ ሁለት የላይ፣ ሁለት የታች» ብሎት ኖሯል። የት ነበርሽ የሚለኝ እንዳይኖር ከሁሉም አብልጬ ሳቅኩ። ማታ አባቴ ኢንስፔክተሩ ምን እንደሚመስል ሲጠይቀኝ «መነጽር አለው» አልኩት። መነጽር ይኑረው አይኑረው እስከዛሬ አላውቅም። በዓመቱ ትምህርቴን ሳቋርጥ ያዘነ ሰው ትዝ አይለኝም፤ እኔም ጭምር አላዘንኩም።

ሶስና ከነገረችኝ በኋላ ያን ሳምንት ሙሉ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር የማመላልሰው። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ አታነብም፤ አስተማሪዋ ማናት ቢሉ፣ አምስተኛን ያልጨረሰች እናቷ። ጡረተኛ አስተማሪ የሚለውን ለማስመሰል ነው ብዬ አመንኩ፤ ልጄን ወስደው ወደዚያ መብራት አጥፍተው መሬት ወደሚያስቀምጡበት ክፍል ሊመልሱብኝ ነው፣ ምናልባትም ከእኔው ሊለዩብኝ ነው። ግርማ «ሶስናን ኮል አድርጊና ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ጠይቂያታ!» አለኝ። አልጠየቅኩም። መጠየቅ አለማወቅን መናዘዝ መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት አዲሰን ስንደርስ አንዲት ነጭ ፀጉሯን ያሳጠረች ሴት ከመኪናዋ ወርዳ፣ ትከሻዋ ላይ ትልቅ የጨርቅ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ ደብተር መሳይ ነገር ይዛ ወደ አዳራሹ ስትገባ አየኋት። መነጽር ነበራት። ፓርክ ያደረግኩበትን ትቼ ቫናችንን ከሕንፃው ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አዞርኳትና ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ።

«ማሚ፣ ለምን አንወርድም?» አለች ቤዛ ከኋላ።

«ዛሬ እንግዳ አለ።»

«ሶ?»

«ዛሬ ንባብ ነው የሚሰሙት። አንቺ በሌላ ቀን ትገቢያለሽ።»

«ናኦሚስ?»

«ናኦሚማ ትችላለች» አልኩ።

ለልጄ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ፣ ተቆጥቻት አውቃለሁ፣ በአባቷ ፊት አዋርጃትም አውቃለሁ፤ መልሼ ልውጠው የምመኘው ቃል ግን ይኼ ብቻ ነው። የመቀመጫ ቀበቶዋ ሲፈታ ሰማሁ። ዞር ስል ቤዛ ከመቀመጫዋ ወርዳ፣ ስትስልባቸው የነበሩትን ክሬዮኖች ጥላ፣ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ወለሉ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እንዳያዩኝ» አለች። እንደዚያ ቁጭ ብላ ትንፋሿ አይሰማም ነበር። እኔ ማድረግ የነበረብኝ በሩን ከፍቼ፣ እጇን ይዤ፣ አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ልጄ አታነብም፣ እኔም አላውቅም፣ እርዱን ማለት ነበር። መንገዱ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። እዚያው ተቀመጥኩ፤ የሶስና ስልክ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ። በመጨረሻ መኪናዋን አንቀሳቅሼ አይስክሬም ልግዛልሽ ብላት ከወለሉ ሳትነሣ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለችኝ፤ ለማያውቋት ሰው እንደሚመልሱት።

ከሰዓት በኋላ ሶስና እንደገና ደወለች። «የት ጠፋችሁ? ሴትዮዋን እኮ ለቤዚ ብዬ ነው የለመንኳት! ፊደል ለሚምታታባቸው ልጆች በፍሪ ነው የምታስተምረው፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ይሄንኑ ነው።» ልጅቷን አተኮሳት አልኩ። «ውይ የኔ ቆንጆ! ኦኬ፣ ሴትዮዋ ቅዳሜም ትችላለች፤ ከፈለግሽ ቤትሽ ድረስ ትመጣለች።» እንግዲህ በሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተከፍቶልኝ ነበር። ነገር ግን ሴትዮዋ ብትመጣ ቤዛ ሐሙስ ዕለት አለመታመሟን ትናገራለች፣ ሶስና የት እንደነበርን ታውቃለች፤ ለአንዲት ትኩሳት ውሸት ስል እናስብበታለን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የመጀመሪያውን ፍርሃት ነው እላለሁ፣ እግዚአብሔርም ልጄም ይረዱልኛል። ሁለተኛውን ምን እንደምለው አላውቅም። በሳምንቱ የልብስ ሥራ በዛብኝ ብዬ ሐሙስን ተውኩት፤ ማይክሮስኮፑ የእኛን ቤት እየዘለለ መዞሩን ቀጠለ።

አምስተኛ ክፍል ላይ ቤዛን ወደ ትምህርት ቤት መለስኳት። ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ነው አንዲት አስተማሪ ችግሯን በስሙ የጠራችላትና ቁጭ አድርጋ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያስያዘቻት። ተማረች፤ ዛሬ ከእኔ የተሻለ በሁለት ቋንቋ ታነባለች። ያ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ሐሙስ ሊጀመር የነበረው ነገር ግን ሦስት ዓመት ዘግይቶ መጣ፤ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ቤዛ ተራዋ ሲደርስ ከክፍል መውጫ ስንት ዘዴ እንደፈጠረች የነገረችኝ የለም። ሶስናን አሁንም ቤተ ክርስቲያን አገኛታለሁ፤ አቅፋ ትስመኛለች፣ ስለ ቤዛ ትጠይቀኛለች፣ ስለዚያ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ልጆቹ ስላደጉ የሐሙሱ ስብሰባ ከቀረ ቆይቷል።

ባለፈው ሰኔ ቤዛ ደወለችና የኤክስሬይ ባለሙያነት ፈቃድ ፈተናዋን ማለፏን ነገረችኝ። እልል አልኩ፤ ግርማ ከጓሮ እየሮጠ መጣ። በወሬ መካከል ግን ይህ ሁለተኛ ሙከራዋ መሆኑ፣ በብርዱ ወራት አንድ ጊዜ ወድቃ እንደነበር ከአፏ አመለጣት። በእነዚያ ወራት እሑድ እሑድ ቤታችን ትመጣ ነበር፤ ምሳ አብረን በልተናል፣ ስቀናል፣ ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ስችል ልነግርሽ ብዬ ነዋ፣ ማሚ» አለችኝ፤ ለራሷ ምንም ያልተናገረች ያህል ስለ ደመወዙ ማውራት ቀጠለች።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ እናቶች ግቢው ውስጥ ቆመን ስለ ልጆቻችን እናወራለን። አንዷ «የእኔዋማ የምትደውለው ሲቸግራት ብቻ ነው፤ መኪናዋ ሲቆም፣ ሲያማት፣ ከጓደኛዋ ስትጣላ» ብላ ታማርራለች፤ ሌላዋ «የእኔውስ! እያለቀሰ ካልሆነ ድምፁን አልሰማም» ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ታድለሻል፣ ከቤዛ የምትሰሚው ጥሩ ጥሩውን ነው» ይሉኛል። ነጠላዬን አስተካክዬ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ ሴቶቹ ግን እንዴት እንደምቀናባቸው አያውቁም።